በረዶ ፍለጋ ከኪሊማኒ

ከናይሮቢ በመኪና ተነሥቶ በረዶ ካለበት ቦታ መድረስ ይቻላልን? ጥያቄው የልጆቼ ነው። ዴንቨር የሚኖሩት የአጎታቸው ልጆች በየዓመቱ ገና ሲቃረብ እግራቸው ላይ ረዣዥም የስኪ ጣውላ አስረው፣ ነጭ ተራራ ላይ ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ ይልካሉ። እነርሱ ከቤታቸው ወጥተው ጥቂት ሰዓት ከተነዱ የሚደርሱባቸው የስኪ መዝናኛዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የቤታቸው ክርክር የትኛው ይሻላል የሚል ነው፤ የቲኬቱ ዋጋ፣ የመንገዱ መጨናነቅ፣ ለጀማሪ የሚመቸው ቁልቁለት። የእኔ ልጆች ደግሞ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ ኪሊማኒ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ጥያቄያቸውን የሰማ አንድ ጎረቤታችን ከት ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። በአፍሪካ ምድር የበረዶ ግግር የቀረው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ በኬንያ ተራራ፣ በኪሊማንጃሮና በሩዌንዞሪ። ከሦስቱ ሁለቱ ከእኛ ሰፈር የግማሽ ቀን መንገድ ናቸው። ዝናብ አባርቶ ሰማዩ የጠራ ዕለት ማለዳ ከአንዳንድ ፎቅ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ሁለቱም ይታያሉ። የኪሊማኒ ኗሪ እንግዲህ በረዶን በዓይኑ ለማየት ዕድል ካላቸው ጥቂት አፍሪካውያን አንዱ ነው ማለት ነው፤ ብዙዎቻችን ቀና ብለን ባናይም።

ስሙም ቢሆን ከተራራ አልራቀም። በስዋሂሊ ኪሊማ ኮረብታ ነው፤ ኪሊማኒ ማለት ደግሞ «ከኮረብታው ላይ» እንደማለት ነው። የኪሊማንጃሮም ስም መነሻ ይኸው ቃል እንደሆነ ይነገራል። ናይሮቢ ራሷ በማሳይ ቋንቋ «ቀዝቃዛ ውኃ» ናት። በየዕለቱ የምንመላለስበት የሌናና መንገድ የተሰየመው በማሳዮቹ ታላቅ መንፈሳዊ መሪ ነው። ሃልፎርድ ማኪንደር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1899 የኬንያን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ድረስ ሲወጣ ሦስቱን ዋና ዋና ጫፎች በማሳይ መሪዎች ስም ጠራቸው፤ ባትያን 5,199 ሜትር፣ ኔልዮን 5,188 ሜትር፣ ሌናና 4,985 ሜትር። ገመድና ሚስማር ሳያስፈልግ በእግር የሚወጣው ሌናና ብቻ ነው። ልጄ ይህን ስነግራት «ታዲያ ማታቱ የምንጠብቀው ተራራ ላይ ነው በለኛ!» አለችኝ።

ስለ ምድር ወገብ በረዶ ስናነሣ ከሀገራችን ጋር ግንኙነት ያለው አንድ ሰው ሳይጠቀስ አይታለፍም። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ከወጣ በኋላ ወደ ሞምባሳ ወረደ። ባልንጀራው ዮሐንስ ሬብማን በግንቦት 1848 ኪሊማንጃሮን አይቶ በላዩ በረዶ አለ ሲል ጻፈ፤ ክራፍም በታኅሣሥ 1849 ከኪቱይ ኮረብቶች ላይ ሆኖ የኬንያን ተራራ ነጭ ጫፍ አየ። ለንደን ውስጥ ከመጽሐፍቱ ጋር የተቀመጠው የጂኦግራፊ ሊቅ ዊልያም ኩሊ ግን በምድር ወገብ በረዶ ሊኖር አይችልም ብሎ ለዓመታት ተሳለቀባቸው። በበኩሌ ክራፍ ዓይኑን ያመነበት አንዱ ምክንያት አንኮበር ላይ ያሳለፈው ብርድ ይመስለኛል። የአንኮበርን ሌሊት የቀመሰ ሰው ሐሩር ባለበት ምድር ከፍ ሲሉ ምን እንደሚገጥም ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

እኛማ ነገሩን ከፈረንጆቹ ብዙ ቀድመን ጽፈነዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ በአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ ተቀርጾ ያገኘውን የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ጽሑፍ ገልብጦ አስቀምጦልናል። ንጉሡ ካስገበራቸው አገሮች አንዱ ሰሜን ነው፤ ተራራው ለመውጣት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑንና በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰምጥ ጽሑፉ ይናገራል። ያ ሠራዊት ጉልበቱ ድረስ እየሰጠመ የሄደው ለመዝናናት እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ቋንቋችን ግን በዚህ ረገድ ያስቸግራል። ልጆቼ በእንግሊዝኛ ሦስት የተለያዩ ቃላት ያላቸውን ነገሮች እኔ በአማርኛ ሁሉንም በረዶ እላቸዋለሁ፤ ከደመና እየተወረወረ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ ከፍሪጅ የሚወጣውንም፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውንም። ለመጨረሻው አመዳይ የሚል ጥሩ ቃል ነበረን። ግዕዙ ሐመዳ ይለዋል፤ ዳዊት የደገመ ሰው ያውቀዋል። ዛሬ አመዳይ ስንል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ማለዳ ሣር ላይ የሚነጣውን ውርጭ ነው። ይህ የቃላት ነገር ተራ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ከኒያሁሩሩ አቅራቢያ አንድ ሸለቆ በሙሉ ነጭ ሆኖ ባደረ ጊዜ ሕዝቡ አመዳይ ወረደ ብሎ ሊያይ ጎረፈ፤ ከናይሮቢ ድረስ የሄደ ነበር። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በኋላ እንዳስረዱት የወረደው የተለመደው ድብደባ በረዶ ነበር፤ ብዛቱ ብቻ ነው እንደዚያ ያስመሰለው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር፤ ሁሉም በረዶ ነው።

ጉዳዩን ከቀልድ ያወጣችው እናቴ ናት። የተወለደችው ጃናሞራ ነው፤ ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ በቧሂት በኩል የሚሻገረው መንገድ የሚወስድበት አገር። ያ መንገድ ቧሂት ላይ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ ብቻዋን ልንተዋት ስላልፈለግን ወደ እኛ አመጣናት፤ ከዚያ ወዲህ አብራን አለች። ልጆቹ ስልኩን ከፍተው የዴንቨሩን ፎቶግራፍ ሲያሳዩዋት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስትመለከተው ቆየችና «ገብሱስ?» ብላ ጠየቀች።

አልገባቸውም። እርሷ በምታውቀው አገር አመዳይ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ይወርዳል፤ ገብሱ እሸት በሆነበት ሰዓት። ማለዳ ማሳው ሲነጣ ያማረ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይጠቁራል፤ ያ ዓመት አለቀ ማለት ነው። ውርጭ የመታውን ገብስ አጭደው ለከብት የሰጡበትን ዘመን በስም ታውቃለች። «ለዚህ ነው ገንዘብ የሚከፍሉት?» አለች፤ ስላቅ ግን አልነበረበትም፤ የምር ትጠይቃለች።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ በረዶ ፍለጋው የልጆቹ ብቻ አልሆነም። ልጆቹ የአያታቸውን አገር አይተው አያውቁም። በዚህ ጦርነት መካከል ሰሜን ተራሮች ይዣቸው ልሄድ አልደፍርም፤ መቼ እንደምደፍርም መናገር አልችልም። ከዚህ ሆኜ ላሳያቸው የምችለው ነገር ብርዱን ብቻ ነው። እንግዲህ የምንመርጠው ቦታ የፎቶግራፍ ቦታ ብቻ ሳይሆን እናቴ «ይህን አውቀዋለሁ» የምትለው ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

ስለ ምርጫዎቹ በተራ ልንገራችሁ። ቅርቡ በሞምባሳ መንገድ ላይ ያለው የፓናሪ ሆቴል የበረዶ ሸርተቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት በምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያው የነበረ ሲሆን፣ የኬንያ አይስ ላየንስ የተባሉት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችም የተፈጠሩት እዚያ ነው። በሐሩር አገር ተወልደው በጫማቸው ስለት ላይ እንዲያ የሚከንፉ ወጣቶችን ማየት ያስደስታል። ነገር ግን ጣራ አለው፤ እናቴም ሽቅብ የምታየው ሰማይ ፈልጋ ነበር።

በዚያው መንገድ ገፍቶ ኤማሊ ላይ ወደ ቀኝ በመታጠፍ ሎይቶኪቶክ ይደረሳል፤ ኪሊማንጃሮ እንደ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቆማል። ተራራው 5,895 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ቫልተር ፉርትቬንግለርና ዚግፍሪድ ኮኒግ የተባሉ ጀርመናውያን ጫፉ ድረስ ወጥተው በስኪ ተንሸራተውበታል፤ ስለዚህ የልጆቼ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አሁን ግን ኪሊማንጃሮ ከናይሮቢ ሆነው ለሚሄዱ የዓይን ተራራ ነው። ለመውጣት ወደ ታንዛኒያ መሻገር፣ ወረቀት ማሟላት፣ ከዚያም አምስት ስድስት ቀን መራመድ ይጠይቃል። ወረቀት ማለት በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ቀላል ቃል አለመሆኑን አንባቢ ያውቀዋል። ከመካከላችን ፓስፖርቱ ያለቀበት፣ መታወቂያው «በሂደት ላይ» የሆነበት፣ ኬላ ሲያይ ልቡ የሚመታ ብዙ ነው። ድንበር የማይሻገር በረዶ ይሻላል።

አበርዴር አለ፤ ኬንያውያን ኒያንዳሩዋ የሚሉት። ከናይቫሻ በኩል በሙቱቢዮ በር ገብቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ረግረግ ሜዳ ላይ በመኪና መሄድ ይቻላል፤ ጭጋጉ፣ አስታው፣ ጓሳ መሳዩ ሣር ሁሉ ሰሜንን ያስታውሳል። ሲዘንብ ግን ጭቃው መኪና ያስቀራል፤ በረዶም አይጠበቅበትም። እውነተኛዎቹ የአፍሪካ የስኪ መዝናኛዎች፣ የሞሮኮው ኡካይመደንና የሌሶቶው አፍሪስኪ፣ በአውሮፕላን የሚኬድባቸው ናቸው፤ በአውሮፕላን ከተሄደ ደግሞ ዴንቨርም አለ።

የቀረው የኬንያ ተራራ ነበር። የመረጥነውም እርሱን ነው። አንዱ ምክንያት መንገዱ ነው። ከናይሮቢ በቲካ፣ በካራቲናና በናሮ ሞሩ አድርጎ ናንዩኪ የሚደርሰው 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደፊት ቢገፉበት ቲማውን፣ ኢሲዮሎን፣ ማርሳቢትን አልፎ ሞያሌ ያደርሳል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንቱ የእኛ ሰው በከብት መኪና ተጭኖ፣ አቧራ ለብሶ በዚያ መንገድ ወደ ናይሮቢ ወርዷል! የያኔው መንገድ ኮረኮንች ነበር፤ አሁን እስከ ሞያሌ አስፋልት ነው። በሌሊት ከኢሲዮሎ ወደ ቲማው ሽቅብ ሲወጡ ድንገት የሚገርፈው ብርድ፣ ጎህ ሲቀድ በግራ በኩል ብቅ የሚለው ነጭ ጫፍ፣ የብዙ ሰው የመጀመሪያ የኬንያ ትዝታ ነው። አንድ የሃርሊንግሃም ባለ ምግብ ቤት ወዳጄ ያን ጊዜ ተራራውን ሲያይ «መኪናው ዞሮ ወደ አገራችን መለሰን» ብሎ ደንግጦ እንደነበር አጫውቶኛል።

የካቲት ላይ ሄድን፤ ከጥር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱም ሌሊት ይከፋል። የፓርኩ ክፍያ በኢንተርኔት አስቀድሞ በኤም-ፔሳ ይፈጸማል፤ ለነዋሪና ለጎብኚ ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃዱን ዋናውን መያዝ ያስፈልጋል። ከናንዩኪ ጥቂት አለፍ ብሎ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሲሪሞን በር ይገኛል፤ 2,650 ሜትር ነው። ከዚያ እስከ ኦልድ ሞዝስ ካምፕ 9 ኪሎ ሜትር በእግር ሄድን፤ ካምፑ 3,300 ሜትር ላይ ነው። ከዚህ በላይ ልጆች ይዤ አልወጣሁም። የከፍታ ሕመም ጎበዝና ሰነፍ አይለይም፤ ራስ ምታትና ማስመለስ ሲጀምር መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። ማለዳ ልጆቹ ሣሩ ላይ የነጣውን በጣታቸው እየቧጠጡ፣ በኩሬው ላይ የረጋችውን ስስ በረዶ እንደ መስተዋት አንሥተው ፀሐይ እያዩባት ሲስቁ ነበር። ዴንቨር የሚላክ ፎቶግራፍ አልነበረም። የተራራው ጫፍ ግን ከዚያ ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አስጎብኛችን በጣቱ እያሳየ በልጅነቱ ነጭ የነበረውንና አሁን ጥቁር ዓለት የሆነውን ቦታ ቆጠረልን።

የተናገረው እውነት ነው። የዚህ ተራራ ትልቁ የበረዶ ግግር፣ ሉዊስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከመጠኑ 90 በመቶ ያህሉን አጥቷል። አጠገቡ የነበረው ግሪጎሪ ፈጽሞ ጠፍቷል። የኪሊማንጃሮም ከ1912 ወዲህ ከስፋቱ 85 በመቶ ያህሉ ሄዷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ሁለቱም ተራሮች በ2050 በረዷቸውን ጨርሰው ሊያጡ እንደሚችሉ አስታውቋል። ያን ጊዜ ልጄ ዕድሜዋ የእኔን የዛሬ ዕድሜ አይሞላም። ክራፍ ሲናገር ያላመኑት ሰዎች ኋላ አመኑ፤ እርሷ ለልጆቿ ስትናገር ደግሞ ማሳያ ላይኖራት ነው።

እናቴ አልወጣችም። ናንዩኪ ባረፍንበት ቤት በረንዳ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ማለዳ ማለዳ ስትመለከተው ነበር። ስንመለስ ምን እንዳየች ጠየቅኋት። «ጫፉ ላይ ብቻ ሸብቷል» አለች፤ ቀጥላም «ከሥሩ ያለው ማሳ የማነው?» አለች። ከቲማው ወዲያ ወዲህ የተዘረጋው የስንዴና የገብስ ማሳ ነበር። በመኪና ወስጄ አሳየኋት። ወርዳ ዛላውን በመዳፏ አሸችው፤ ውርጭ እንዳልነካው አይታ ተመለሰች። ከጉዞው ሁሉ የወደደችው እርሱን ነው።

የኬንያ ስኪ ሲነሣ ከኤልዶሬት አካባቢ የተነሣው ሯጭ ፊሊፕ ቦይት አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ በ10 ኪሎ ሜትር የመጨረሻ ሆኖ ሲገባ፣ አሸናፊው ኖርዌጃዊ ብዮርን ዴህሊ ሳይሄድ ጠብቆ አቀፈው፤ ቦይትም በኋላ ልጁን ዴህሊ ብሎ ሰየመው። የእኛው ሮቤል ተክለማርያም ደግሞ በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሏል። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደ ነው። ልጄ ሁለቱንም ካወቀች ወዲህ የቤታችን ክርክር መልኩን ለውጦ የትኛው አገር ከፍ ያለ መንገድ አለው ወደሚል ተሻገረ።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ታሸንፋለች። ባሌ ውስጥ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ላይ ተዘርግቶ በመካከሉ የመኪና መንገድ ያልፋል፤ ከዚያም ተገንጥሎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ድረስ በመኪና ይወጣል። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ አንዳንዴም አመዳይ ይወርድበታል። በጥንት ዘመን አምባው የበረዶ ግግር ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ40,000 ዓመት በፊት ገደማ ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ ውስጥ ሰዎች በዚያ ግግር አቅራቢያ ፍልፈል እያደኑ ይኖሩ ነበር። ከኪሊማኒ በሞያሌ፣ በሻሸመኔና በጎባ አድርጎ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሞያሌ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ መሥመር መቀየርም አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአገሩ ሰው ሳንጠይቅ አንነሣም፤ ሰላም ከሆነ ለታኅሣሡ የትምህርት ቤት ዕረፍት አስበናል።

ለእናቴ ሳነሣላት ስለ በረዶው አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«ገብስ ይበቅልበታል?» አለች።

አምባው ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ በዲንሾና በጎባ ዙሪያ፣ እስከ አድማስ ገብስ መሆኑን ነገርኋት።

«እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ» አለች፤ መኪናው ውስጥ ከፊት እንድትቀመጥም ጨምራ አሳሰበች።